አንቀጽ ሠላሳ አንድና የአማቴ ፈረስ

«ሰው በቤቱ ንጉሥ ነው» የሚሉ ሰዎች አሉ። ኮንዶሚኒየም ኖረው አያውቁም ማለት ነው። እኔ በቤቴ ንጉሥ ቀርቶ ጭቃ ሹምም አይደለሁ። ሚስማር ልምታ ብል ደንብ አለ፤ ልብስ ላስጣ ብል ደንብ አለ፤ ከጓደኛዬ ጋር ልሳቅ ብል እንኳ «ሁከት ፈጣሪ ድምፅ» የሚል አንቀጽ አለ። ቁልፉ በኪሴ ነው፣ ካርታው በስሜ ነው፣ ቤቱ ግን የአቶ ደምሴ ነው።

አቶ ደምሴ የግቢያችን የነዋሪዎች ማኅበር ሰብሳቢ ናቸው። ከመንግሥት ሥራ በጡረታ ከተገለሉ ወዲህ የሚያስተዳድሩት ነገር ስላጡ እኛን ያስተዳድራሉ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል። የታመመ ይጠይቃሉ፣ ለቅሶ ቤት ከሁሉ ቀድመው ይደርሳሉ፣ ለተቸገረ መሰላላቸውን ያውሳሉ። ደንቡን ሲይዙ ግን ሌላ ሰው ናቸው። ድምፃቸው ሳይቀር ይወፍራል።

ደንቡ እንዴት እንደጸደቀ ካልነገርኳችሁ የደረሰብኝ አይገባችሁም። አቶ ደምሴ አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ወንድማቸው ዘንድ ሰንብተው ተመለሱ። ወንድማቸው የሚኖሩት ሰማይ ጠቀስ አፓርታማ ውስጥ ነው። ሌላው ሰው ከአዲስ አበባ ሲመለስ ዳቦ ይዞ ይመጣል፤ እሳቸው የአፓርታማውን መተዳደሪያ ደንብ ይዘው መጡ። የግቢው ስም ተፋቀ፣ የእኛ ስም ገባ፣ ሌላው እንዳለ ቀረ። ስለዚህ እኛ፣ ደረጃችን መደገፊያ የሌለው፣ ውኃ ሲመጣ እልል የምንል ሰዎች፣ «በሊፍት ውስጥ ሲጋራ ማጨስ» ተከልክለናል። «የዋና ልብስ ሳይለብሱ ወደ መዋኛ ገንዳው መግባት»ም አይፈቀድልንም። እዚህ አሰላ! ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ብርድ ገና ሳይነጋ ጆሯችንን ቆንጥጦ በሚቀሰቅሰን አገር! ፊታችንን በጣታችን ጫፍ የምንታጠብ ሰዎች ማን ዋኙ አለን?

ደግሞ ሳይነበብ አልጸደቀም። ተነቧል። ግቢው ሜዳ ላይ ተሰብስበን አቶ ደምሴ አንቀጽ በአንቀጽ ሲያነቡ ሰማዩም አንቀጽ በአንቀጽ ይጠቁር ነበር። ከእኛ መካከል የሚሰማ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ወደ ላይ ያያል። መጨረሻ ላይ «ይህን ደንብ የምትደግፉ እጃችሁን አንሱ!» ከማለታቸው በረዶው ወረደ። አርሲ ውስጥ በረዶ የተመታ ሰው ያውቀዋል፤ አናት ይፈልጣል። ሁላችንም እጃችንን ራሳችን ላይ ጭነን ወደየደረጃችን ተፈተለክን። አቶ ደምሴ ከጃንጥላቸው ሥር ንቅንቅ ሳይሉ ቆጠሩን። «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል!» የሚለውን ደረጃው ላይ ሆነን ሰማነው። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይላል ያገሬ ሰው። እኛንስ በበረዶ ጣሉን።

እንግዲህ እኔ ወደዚህ ከተማ በመምህርነት ተመድቤ መጥቼ፣ ከአያንቱ ጋር ተዋድጄ፣ አግብቼ፣ እዚሁ የቀረሁ ሰው ነኝ። የአያንቱ አባት ኦቦ ቱፋ ከጭላሎ ሥር የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። እኔን አልጠሉኝም። የጠሉት ቤቴን ነው። ኮንዶሚኒየም ገባን ሲባሉ፣ «ሌላ ሰው በአናቴ ላይ እየተራመደ እህል አልቀምስም» አሉና ቁርጥ አደረጉት። ገብስ ይልካሉ፣ ቅቤ ይልካሉ፣ ራሳቸው ግን አንድም ቀን መጥተው አያውቁም። አያንቱ በየበዓሉ በር በሩን ታያለች፤ ከዚያ እንዳላየ ሰው ትሆናለች። ይህ ነገር ከሁሉ የበለጠ አንጀቴን ይበላኝ ነበር።

ልጃችን ተወለደ። የመጀመሪያችን ነው፣ ወንድ። ኦቦ ቱፋ ስልክ ደወሉ። «እሁድ መጥቼ እመርቀዋለሁ» አሉ። አያንቱ አራስ አልጋዋ ላይ ሆና እየሳቀች አለቀሰች። እኔም ስልኩን ይዤ ቤቱ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እል ጀመር።

«በምን ይመጣሉ አባባ? መኪና ልላክ?» አልኩ።

«ዳማ ምን አጠፋ?» አሉኝ።

ዳማ ፈረሳቸው ነው። እኔ ሞኙ፣ «ባጃጅም እኮ አለ፣ እስከ በራችን ያደርሳል» አልኩ።  

«ጉልበቴን አገጬ ላይ አስደግፌ፣ ተጣጥፌ መጥቼ የልጅ ልጄን ልመርቅ?» አሉ። «እሁድ በዳማ እመጣለሁ» ብለው ዘጉት።

ግቢ ውስጥ እንስሳ ማሰር የሚከለክለው አንቀጽ ሠላሳ አንድ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ለአያንቱ «ፈረሱን ከአጥሩ ውጭ ካለው ምሰሶ ላይ እናስረዋለን» አልኳት። እንደዚያ ያየችኝ የሠርጋችን ቀን ቀለበቱን የጣልኩ ጊዜ ብቻ ነው።

«ውጭ የታሰረ ፈረስ የተባረረ ፈረስ ነው» አለች። «አንተ ፊዚክስ ነው የምታውቀው። እኛ ዘንድ እንግዳ በፈረስ ሲመጣ አንድ ሰው ከግቢው ወጥቶ ልጓሙን ይቀበላል። የተቀበለው ሰው እንግዳው እስኪመለስ ድረስ ለፈረሱ ኃላፊ ነው፤ ለሌላ አይሰጥም። ልጓሙን የሚቀበል ከጠፋ እንግዳው ሳይወርድ ‹ሰው የለም› ብሎ ይመለሳል። አባዬ እንዲህ ብሎ ከተመለሰ ዳግመኛ አይመጣም። ልጄም ያያቱን ምርቃት ሳያገኝ ሊያድግ ነው። ያንተ አንቀጽ አያሳድገውም።»

የእኔ አንቀጽ! እኔ ስለ በረዶ ብዬ ያነሳሁት እጅ!

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ወደ አቶ ደምሴ ቢሮ ሄድኩ። ቢሮ የምላችሁ ግቢው ሲሠራ ለበግ ማረጃ ተብሎ የታነጸውን ክፍል ነው። የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ሲሆን ወንበርና ጠረጴዛ ገባ፤ ሥጋ መስቀያው ግን ከጣሪያው ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። አቶ ደምሴ ካፖርታቸውን የሚሰቅሉት እዚያ ላይ ነው። አቤቱታ ይዞ የሚገባ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ያንን ካየ በኋላ ነው የሚቀመጠው።

«አቶ ደምሴ፣ አማቴ እሁድ ልጁን ሊመርቁ ይመጣሉ» አልኩ።

«እሰይ! እንግዳ በረከት ነው መምህር። እንኳን ደስ ያለህ።»

«በፈረስ ነው የሚመጡት።»

መነጽራቸውን አጠለቁ። ድምፃቸው ወፈረ። «አንቀጽ ሠላሳ አንድ። ‹በግቢው ውስጥ ማንኛውንም እንስሳ ማሳደር፣ ማሰር ወይም ለቅቆ መተው በፍጹም የተከለከለ ነው።›»

«አያድርም። መርቀው ይመለሳሉ።»

«ታስረዋለህ?»

«አላስረውም።»

«ትለቀዋለህ?»

«አልለቀውም።»

«ታዲያ ምን ልታደርገው ነው?» አሉና ከት ብለው ሳቁ። «ሳይታሰር ሳይለቀቅ የሚቆም ፈረስ ካለህ አምጣ፤ በሩ ክፍት ነው!»

ይህን ሲሉ ደሜ ፈላ። «ባለፈው ፋሲካ በረንዳዎ ላይ ሲጮህ የሰነበተው በግስ?» አልኩ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልበል። በግቢያችን የበዓል ሰሞን በግ የማይጮህበት መታጠቢያ ቤት የለም። ሰው በር አንኳኩቶ ሲገባ በጉ ከሻወሩ ሥር ሆኖ «ማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ይመስላል። የአቶ ደምሴ ግን ሙክት ስለነበረ መታጠቢያ ቤት አልበቃውም፤ በረንዳ ተሰጥቶት ግቢውን ከላይ ሆኖ ሲቆጣጠር ከረመ።

አቶ ደምሴ ዓይናቸውን እንኳ አላሹም። «በግ እንስሳ አይደለም» አሉኝ። «በግ የበዓል ዝግጅት ነው።»

 ተነስቼ ወጣሁ። በሩ ላይ ዘወር ብዬ ግን፣ «ፈረሱ ይገባል!» አልኩ። እንዴት እንደሚገባ አላውቅም ነበር። ሰው ሲናደድ መጀመሪያ ይፎክራል፤ ዘዴውን በኋላ ይፈልጋል።

ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ እርጥብ ሣር ገዛሁ። ጥበቃችን ጋሽ ረጋሳ በሩ ላይ አስቆሙኝና «ይህ ሁሉ ምን ሊሆን ነው?» አሉኝ። «ለጉዝጓዝ ነው፤ አራስ ቤት አይደል» አልኩ። የያዝኩት ሣር ግቢውን በሙሉ ጎዝጉዞ አስፋልቱ ድረስ ይተርፍ ነበር። ጋሽ ረጋሳ ሣሩን ዳበስ አደረጉት፣ እኔን አዩኝ። «ፈረስ እንዳላስገባ ታዝዣለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ስለ ሣር ግን የታዘዝኩት የለም።» አሳለፉኝ።

እሁድ መጣ። ከጠዋቱ ጀምሮ በሩ ላይ ቆምኩ። ዕቅዴ ቀላል ነበር፤ ልጓሙን ራሴ ልቀበልና እስኪመለሱ ይዤው ልቁም። አያንቱ በመስኮት ዕቅዴን ስትሰማ፣ «አባትዬው በሌለበት ልጁ ይመረቃል እንዴ? አንተ ከጎኔ ነው የምትቆመው!» ብላ ጮኸችብኝ። ስለዚህ ዕቅድ የሌለው ሰው ሆኜ ቆምኩ።

ጉሙ ገለጥ ሲል ኦቦ ቱፋ ብቅ አሉ። ነጭ ጋቢ ደርበው፣ አለንጋቸውን ይዘው፣ ዳማ በቀይ ዘርፍ አጊጦ። አስፋልቱ ላይ የነበሩት ባጃጆች እንኳ ጥግ ያዙ። እኔ፣ ፈረስ ከጋሪ ጋር ካልሆነ ልብ ብዬ አይቼው የማላውቅ ሰው፣ ኮራሁ። «የእኔ አማት ናቸው!» ብዬ ለማላውቀው ሰው ሁሉ ልናገር ቃጣኝ።

ጋሽ ረጋሳ የታዘዙትን ለመፈጸም በሩን ገርበብ አደረጉት። ግን መጀመሪያ ሰላምታ አለ። አርሲ ውስጥ ሽማግሌ ሰው ሰላም ሳይባል አይከለከልም። «አካም? ነጋ? ፈያ?» ተባባሉ። ልጆቹ ደኅና ናቸው? ከብቶቹ ደኅና ናቸው? ገብሱ እንዴት ይዟል? ዝናቡስ? ዳማስ ደኅና ነው? ሽማግሌን ደግሞ በተገረበበ በር ውስጥ አንገትን አስግጎ ሰላም ማለት ነውር ነው፤ ስለዚህ ጋሽ ረጋሳ ገብሱ ላይ ሲደርሱ በሩ ግማሽ ድረስ ተከፍቶ ነበር፣ ዝናቡ ላይ ሲደርሱ ወለል ብሎ ነበር። ዳማ ሰላምታው የረዘመበት መሰለኝ፤ ዘና ብሎ ገባ። ኦቦ ቱፋም በላዩ እንደተቀመጡ ግቢያችን መሐል ቆሙ፤ ልጓሙን የሚቀበል ሰው ይጠብቃሉ።

በዚህ ጊዜ አቶ ደምሴ ከብሎካቸው እንደ ጥይት ተተኮሱ። በካልሲና በነጠላ ጫማ። በግራ እጃቸው ደንቡን ይዘዋል፤ ቀኝ እጃቸውን መዳፋቸውን ገልጠው ወደ ፊት ዘርግተዋል። «ቁም! አይቻልም!» እያሉ ነበር፤ ግን ሩጫው ትንፋሽ ስላሳጠራቸው ከአፋቸው የወጣው «ቁህ… ቁህ…» ብቻ ነው።

ኦቦ ቱፋ ምን አዩ? ሽበታም፣ የተከበረ ሰው፣ ጫማ ለማድረግ እንኳ ሳይታገስ፣ እጁን ዘርግቶ እየሮጠ ሊቀበላቸው ሲመጣ አዩ። ፊታቸው በራ።

«ሰው አለ!» አሉ።

ጎንበስ ብለው ልጓሙን በዚያ በተዘረጋው መዳፍ ላይ አኖሩት፤ የአቶ ደምሴን ጣቶችም በራሳቸው እጅ አጥፈው ጨበጡላቸው። ከዚያ ወረዱ። «ሆራ ቡላ!» ብለው መረቋቸው፤ ርባ፣ ለዓመት ድረስ እንደማለት ነው። በአማርኛም ደገሙላቸው፦ «እንግዳ የሚቀበል እጅ አይድረቅ!»

አቶ ደምሴ እዚሁ አርሲ ተወልደው ያደጉ ሰው ናቸው። ልጓም መቀበል ምን ማለት እንደሆነ ማንም አይነግራቸውም። እጃቸውን አዩት። ፈረሱን አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ። አስተያየታቸው የልመና ነበር። እኔ ግን ያን ቀን ለልመና የሚሆን ልብ አልነበረኝም።

«አንቀጽ ሠላሳ አንድ፣ አቶ ደምሴ» አልኩ ጆሯቸው ሥር። «ማሰር ክልክል ነው። ለቅቆ መተውም ክልክል ነው። መያዝ ግን የትም አልተጻፈም። ሳይታሰር ሳይለቀቅ የሚቆም ፈረስ አምጣ ብለውኝ አልነበር? ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው!»

ሣሩን ከእግራቸው ሥር አፈሰስኩና አማቴን ይዤ ደረጃውን ወጣሁ።

ኦቦ ቱፋ ቤታችን ሲገቡ መጀመሪያ ያዩት ጣሪያውን ነው። በዚያችው ሰዓት የላይኛዋ ጎረቤታችን ሕፃን ልጅ ከዳር እስከ ዳር ዱብ ዱብ እያለች ሮጠች። አያንቱ አባቷን አየች። እኔ ግድግዳው ውስጥ ብገባ ደስ ባለኝ። ኦቦ ቱፋ አዳመጡ፣ አዳመጡና፣ «ልጅ ናት። እግሯ ቀላል ነው፤ ትሩጥ» አሉ። አያንቱ እንባዋ ዱብ አለ።

ከዚያ ልጁን ታቀፉት። ቅቤ በጣታቸው ነክተው አናቱ ላይ አደረጉለት፤ እንደ ጭላሎ ጽና፣ ከብት ይሙላልህ፣ ሰው አይጥፋብህ አሉት። እኔና አያንቱ ጎን ለጎን ቆመን «አሜን» እንል ነበር።  የሰው አገር ላይ የምኖር ሰው እንደሆንኩ ብዙ ጊዜ ይሰማኝ ነበር፤ በዚያች ሰዓት ግን ያ ነገር ከላዬ ወረደ። ያን ደንብ ሙጭጭ ብዬ ባከብር ኖሮ ይህን ነበር የማጣው። ሳስበው ዛሬም ይቆጨኛል፣ ሳይደርስብኝ!

በመስኮት ወደ ታች አየሁ። አቶ ደምሴ ልጓሙን እንደያዙ ቆመዋል። ካፊያ ጀምሯል። ዳማ በግራ እጃቸው ያለውን ደንብ አሸተተና ፊቱን አዞረ፤ ገብስ የለመደ ፈረስ እንዲህ ያለ ነገር አይበላም። የግቢው ልጆች ከበዋቸዋል። «ዞር በሉ!» ሲሏቸው ቆዩ። ትንሽ ቆይቼ ሳይ ግን ቃሉ ተለውጧል። «ከኋላው አትቁሙ፣ ይራገጣል! ከጎን ና! እጅህን ዘርጋለት፣ ያሽትህ!» ይላሉ። ኦቦ ቱፋ ጠግበው፣ ተጫውተው፣ ዳግመኛ መርቀው እስኪወርዱ ድረስ አቶ ደምሴ ከቦታቸው ንቅንቅ አላሉም። ልጓሙን ሲመልሱ የዳማን አንገት መታ መታ እያደረጉ፣ «የአባቴ ግራጫ ነበር» አሉ። ለማን እንደተናገሩት አላወቅሁም። ልቤ ሊራራ ከጀለ።

መራራት አያስፈልግም ነበር። በማግስቱ የአጠቃላይ ጉባኤ ጥሪ ተለጠፈ። «አንቀጽ ሠላሳ አንድ ክፍተት ስለታየበት ‹በእጅ ይዞ መቆም› የሚል ሐረግ እንዲጨመር።» አያችሁ? ሰው እንዲህ ነው። የአባቱ ፈረስ ትዝ ብሎት ያድርና ጠዋት ማስታወቂያ ይለጥፋል።

ጉባኤው ላይ ቀድሜ እጄን አወጣሁ። «እኔ ሌላ ሐሳብ አለኝ» አልኩ። «አንቀጹ ላይ ‹ከእንግዳ ፈረስ በስተቀር› ተብሎ ይጻፍ። ደንቡ መዋኛ ገንዳ አለ በሚለው ግቢያችን መሐልም አንድ ጠንካራ ግንድ ይተከል። ገንዳ እስኪመጣ ድረስ ፈረስ ይታሰርበት።» ጋሽ ረጋሳ ከበሩ ሆነው «እንዲያ ነው!» አሉ፤ ጥበቃ ስለሆኑ ድምፅ የመስጠት መብት ባይኖራቸውም። የላይኛዋ ጎረቤቴ ብድግ ብላ፣ የእሷም አባት በበቅሎ እንደሚመጡና እስከ ዛሬ አጥር ሥር እንዳሰረቻቸው ተናገረች፤ በቅሎዋን ማለቷ ነበር፣ ነገሩ ግን ያው ነው። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ የየራሱን አወጣ። ለካ ሁላችንም የመለስነው እንግዳ ነበረን።

«እሺ» አሉ አቶ ደምሴ ተጨንቀው። «ይህን… ይህን የምትደግፉ።»

እጅ ተነሳ። ከዳር እስከ ዳር። አቶ ደምሴ መቁጠር ጀመሩ፣ ግራ ገባቸው፣ ወደ ሰማይ አዩ። እኛም አብረን አየን። ጥርት ያለ ሰማይ ነው፤ አንዲት ዳመና የለችበትም። ቃለ ጉባኤው ላይ ይህም ይያዝልኝ አልኩ።

ወደ እኛ ሲመለሱ ቀኝ እጃቸው አናታቸው ላይ ነበር። «በሙሉ ድምፅ!» ብሎ አንዱ ጮኸ። አቶ ደምሴ ደነገጡ፤ «ኧረ እኔ ራሴን እያከክሁ ነው!» አሉ። እጃቸውን ግን አላወረዱም።

በረዶ ስንከላከል ተቆጥረን የለ? ቆጠርናቸው።